ሴስና 172፦ መሬት ላይ የሚመራው የፊት ጎማው ነው፣ ሩደሩ ነው ወይስ ፍሬኑ?

ተማሪ አብራሪ

ጤና ይስጥልኝ። በሴስና 172ኤስ የምሠለጥን ተማሪ ነኝ፤ ቀጥሎ ወደ ዳይመንድ ዲኤ40 እሻገራለሁ። ስለ ፔዳሉና ስለ ፊት ጎማው የበረራ ማንዋሉን ባነብም ምክንያታቸው ያልገባኝ ነገሮች ስላሉ፣ የምታውቁ ታላላቆቼ ብታስረዱኝ ደስ ይለኛል።

አንደኛ፣ አውሮፕላኑ ቆሞ ሳለ ፔዳሉን እስከ መጨረሻው ብረግጠው ሩደሩ (ጅራቱ ላይ ያለው የአቅጣጫ መሪ) ይሄዳል፤ የፊት ጎማው ግን እሺ አይልም። መንከባለል ከጀመረም በኋላ በፔዳል ብቻ ጠባብ መታጠፊያ አይወጣም፣ ፍሬን ማገዝ አለበት። ይህ የ172 ጠባይ ነው ወይስ የላላ ነገር አለ?

ሁለተኛ፣ ታክሲ ሳደርግ (መሬት ላይ ስነዳው) እግሬን ካቀለልኩ አፍንጫው ወደ ግራ ያደላል። ሞተሩ ነው ይላሉ፤ ግን ስሮትሉ (የሞተሩ ኃይል መቆጣጠሪያ) ዝቅ ብሎም ያደላል።

ሦስተኛ፣ በጎን ነፋስ ሳርፍ ዋናዎቹ ጎማዎች በመሀል መስመሩ ላይ በደንብ ይቀመጣሉ። የፊቱ ጎማ ወርዶ ክብደት ሲይዝ ግን አውሮፕላኑ ወደ አንድ ጎን ይነጥቃል። ከየት ነው የሚመጣው?

አራተኛ፣ ካረፍኩ በኋላ በሩጫው ላይ የፊት ጎማው አንዳንዴ ይርገፈገፋል፤ ፔዳሉ ላይም ይሰማል። በዚያች ቅጽበት ምን ላድርግ? ቴክኒሻኖችስ የትኛውን እንዲያዩልኝ ልጻፍ?

በመጨረሻ፣ ዲኤ40 ላይ ፔዳሉ ከፊት ጎማው ጋር ጭራሽ አይገናኝም ሲባል ሰምቻለሁ። ታዲያ በምን ይመራል?

የቀኝ ወንበር

እህቴ፣ አንደኛውና ሦስተኛው ጥያቄሽ መነሻቸው አንድ ስለሆነ ከእነሱ ልጀምር። የማድላቱንና የመርገፍገፉን ነገር ለሃንጋር ሰዎች እተወዋለሁ።

በ172 ላይ ፔዳሉና የፊት ጎማው በደረቅ ብረት አልተያያዙም። በመካከላቸው ሞላ ያለው ዘንግ አለ፤ ባንጂ የሚባለው ነው። ፔዳሉ ባንጂውን፣ ባንጂው ደግሞ ጎማውን ይገፋል። አውሮፕላኑ ቆሞ ጎማው አስፋልቱን ቆንጥጦ ከያዘ፣ ስትረግጪ ሞላው ይታመቃል እንጂ ጎማው አይዞርም። ትንሽ ሲንከባለል የታመቀው ሞላ ይፈታና ጎማው ወደጠየቅሽው ይሄዳል። በዚህ ምክንያት ቆመሽ ፔዳሉን ረግጠሽ ከዚያ ስሮትል ከከፈትሽ፣ አውሮፕላኑ መጀመሪያ ቀጥ ብሎ ይነሳና ወዲያው ይታጠፋል። መውጫው ጠባብ በሆነ ማቆሚያ ላይ ይህቺ መዘግየት ክንፍ ታስመታለች። መጀመሪያ ቀጥ ብለሽ ተንከባለዪ፣ ፍሬኑን በሁለቱም በኩል ሞክሪ፣ ከዚያ ታጠፊ።

ባንጂው ብቻውን ጎማውን ከመሀል ወደ እያንዳንዱ ጎን የሚያዞረው 10 ዲግሪ ያህል ነው። በምትታጠፊበት በኩል ያለውን ፍሬን ስትጨምሪ እስከ 30 ዲግሪ ይሄዳል። በሴስና 152 ላይ በፔዳል ብቻ 8.5 ዲግሪ ነው፤ በፍሬን ሲታገዝ እዚያም 30 ይደርሳል። ስለዚህ የገለጽሽው ነገር ብልሽት አይደለም። በፔዳልና በፍሬን ተጋግዞ 172ኤስ የሚዞርበት ጠባቡ ክብ፣ ከመዞሪያው ነጥብ እስከ ውጭኛው የክንፍ ጫፍ ሲለካ፣ 8.4 ሜትር ገደማ ነው። እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፤ የውስጠኛውን ጎማ ጨርሰሽ ቆልፈሽ በእሱ ላይ አትሽከርከሪ። ጎማው እዚያው ቦታ ይፋቃል፣ የአውሮፕላኑ እግርም የማይወደውን የጎን ጫና ይሸከማል። ውስጠኛው ጎማ በዝግታም ቢሆን ይንከባለል።

ከመጠምዘዣው ይልቅ ብዙ ተማሪ የሚቸገረው በእግር አቀማመጥ ነው። ተረከዝሽ ወለል ላይ፣ የእግርሽ ፊተኛ ክፍል ከፔዳሉ ታችኛ ግማሽ ላይ ይሁን። ፍሬን ስትፈልጊ ብቻ እግርሽን ወደ ላይ አንሸራትተሽ በጣትሽ ተጫኚ። እግር ከላይ ከተቀመጠ ሩደር በረገጥሽ ቁጥር ሳታውቂው ፍሬን ትይዣለሽ፤ ለመነሳት ስትሮጪም አውሮፕላኑን እየጎተትሽው ትሄጃለሽ። የታክሲ ፍጥነት ፈጠን ያለ የእግር እርምጃ ያህል ይሁን። ሲበዛ መጀመሪያ ስሮትሉን ቀንሺ፣ ቀጥሎ ፍሬን። ስሮትል ከፍቶ በፍሬን መያዝ ዲስኩን ከማጋል ሌላ ጥቅም የለውም።

አሁን ወደ ማረፉ። 172 ከመሬት ሲለቅ የፊት ስትራቱ (የፊት ጎማውን የያዘው፣ ምት የሚቀበለው ተዘርጊ እግር) እስከ ጫፍ ይዘረጋል። ሲዘረጋ ውስጡ ያለው ማእከል ያዥ ጎማውን በቀጥታ አቅጣጫ ይቆልፈዋል። አየር ላይ ሩደር ስትረግጪ ሩደሩ ይሄዳል፣ ባንጂው ይታመቃል፣ ጎማው ግን ቀጥ እንዳለ ይቀራል። በጎን ነፋስ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ያለውን ክንፍ ዝቅ አድርገሽ በተቃራኒው ሩደር አፍንጫውን ከመሀል መስመሩ ጋር አስተካክለሽ ስታርፊ የፊት ጎማው ቀጥ ብሎ መሬት የሚነካው ለዚህ ነው። ክብደት ሲያርፍበት ግን ስትራቱ ይገባል፣ ቁልፉ ይለቃል፣ ታምቆ የቆየው ባንጂም ጎማውን ወደ ረገጥሽው ፔዳል ይወስደዋል። ያ ነው የሚነጥቅሽ።

መፍትሔው ፔዳሉን በአንድ ጊዜ ጨርሶ መልቀቅ አይደለም። ያኔ ነፋሱ ጅራቱን ገፍቶ አፍንጫውን ወደ ነፋሱ ያዞረዋል። ዋናዎቹ ጎማዎች ከነኩ በኋላ ዮኩን (የእጅ መሪውን) ወደ ራስሽ እንደያዝሽ አፍንጫውን በቁጥጥር አውርጂው፤ እየወረደ ሳለ የሩደሩን ጫና ቀጥ ብሎ ለመሄድ እስከሚያስፈልግሽ ድረስ ብቻ ቀንሺ። ኤይለሮኑን (አውሮፕላኑን ወደ ጎን የሚያጋድለውን የክንፍ መሪ) ወደ ነፋሱ እየጨመርሽ ሂጂ፤ አውሮፕላኑ ታክሲ ፍጥነት ሲደርስ ሙሉ በሙሉ ዞሮ መገኘት አለበት። ለ172 በማንዋሉ የተመዘገበው የታየ የጎን ነፋስ 15 ኖት (የባሕር ማይል በሰዓት) ነው። ቁጥሩ በሙከራ የታየ ነው እንጂ ሕጋዊ ጣሪያ አይደለም፤ ለተማሪ ግን ከዚያ በብዙ ዝቅ ያለ የራስሽ ገደብ ይኑርሽ።

በየትኛው ፍጥነት ማን ይመራል ለሚለው፦ የሩደር ጉልበት ከፍጥነት ካሬ ጋር ነው የሚሄደው። በ60 ኖት ያለውን ጉልበት 1 ብትዪው፣ በ30 ኖት ሩብ ይቀራል፣ በ15 ኖት ደግሞ አንድ አሥራ ስድስተኛ። የፕሮፔለሩ ንፋስ ትንሽ ይደግፈዋል፤ ካረፍሽ በኋላ ግን ስሮትሉ ዝግ ስለሆነ ድጋፉ የለም። ስለዚህ ስትነሺ በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች የፊት ጎማው ይመራል፤ ፍጥነት ሲጨምር ሩደሩ ይረከባል። ስታርፊ በተገላቢጦሹ ነው።

ሩደሩ ከተረከበ በኋላ የፊት ጎማው መጫን የለበትም። ዮክ ወደፊት ተገፍቶ በፍጥነት መሮጥ፣ ወይም ከልክ በላይ በሆነ ፍጥነት መጥቶ አውሮፕላኑን በግድ መሬት ላይ መለጠፍ፣ ክብደቱን ከዋናዎቹ ጎማዎች ላይ ያነሳና በፊተኛው ላይ ይጭነዋል። ያኔ ዋናዎቹ ጎማዎች ስለቀለሉ ፍሬን አይዝም፣ አውሮፕላኑም በአንድ ጎማ ላይ መሽከርከር ይጀምራል። ይህ ከተሰማሽ የመጀመሪያው ነገር ወደፊት የገፋሽውን ዮክ መመለስ ነው። ማኮብኮቢያው የሚበቃ ከሆነና መቆጣጠሪያው በእጅሽ ካለ እንደገና መነሳት ይቻላል። ፍላፑ (ከክንፉ ኋላ የሚወርደው ክፍል) 30 ዲግሪ ወርዶ ለማረፍ ስትቀርቢ ማንዋሉ የሚሰጠው ከ60 እስከ 70 ኖት ነው፤ ክብደቱ ቀላል ሆኖ በ75 ከመጣሽ ችግሩን ከሩቅ እየጋበዝሽው ነው።

ሃንጋር ውስጥ

ከላይ ያለው ትክክል ነው። እኔ የሁለተኛውንና የአራተኛውን ልያዝ።

ወደ ግራ ማድላቱን በተመለከተ፣ ስሮትሉ ዝቅ ብሎ ከሆነ በሞተሩ አታሳብቢ። መጀመሪያ እንዲህ አጣሪ፦ ነፋስ በሌለበት ሰዓት፣ በአንድ ታክሲዌይ ላይ፣ በእርምጃ ፍጥነት፣ እግርሽን ከፔዳሉ አንስተሽ ሂጂ። ከዚያ ዞረሽ በተቃራኒ አቅጣጫ ድገሚው። ስትሄጂ ወደ ግራ፣ ስትመለሺ ወደ ቀኝ ካደላ ጥፋቱ የመንገዱ ነው፤ ታክሲዌይ ውኃ እንዲያወርድ ተዳፋት ይደረግለታል። በሁለቱም አቅጣጫ ወደ ግራ ከሆነ ግን ጥፋቱ የአውሮፕላኑ ነው።

አውሮፕላኑ ከሆነ እኔ የምሄድበት ቅደም ተከተል አለኝ። መጀመሪያ የጎማ ንፋስ። ለ172ኤስ የፊተኛው 5.00-5 ጎማ 45 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ)፣ ዋናዎቹ 6.00-6 ጎማዎች 42 ፒኤስአይ ናቸው። በድሮው 172ኤን ላይ የፊቱ 31፣ ዋናዎቹ 29 ስለሆኑ ከሌላ ሞዴል የሰማሽውን ቁጥር አትውሰጂ። የግራው ጎማ ካነሰ አውሮፕላኑ ወደ ግራ ይጎተታል። ቀጥሎ የሚጎተት ፍሬን ነው። ከታክሲ እንደተመለስሽ የእጅሽን ጀርባ ወደ ሁለቱ ዲስኮች አስጠጊ፣ እንዳትነኪያቸው። አንዱ በግልጽ ከሌላው ከጋለ አግኝተሽዋል ማለት ነው። ፒስተኑ በዝገት ተይዞ ሊሆን ይችላል፣ ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸው ፒኖች ደርቀው ሊሆን ይችላል፣ ወይም የማቆሚያ ፍሬኑ እስከ መጨረሻ አልተለቀቀም። እነዚህ ሁሉ ደህና ከሆኑ ብቻ ነው ወደ ባንጂው የሚኬደው።

የባንጂ ማስተካከል ሥራ የፊት ጎማው ከመሬት ተነስቶ፣ ስትራቱ እስከ ጫፍ ተዘርግቶ፣ ጎማው በማእከል ያዡ ተይዞ ሳለ የሚሠራ ነው። ፔዳሎቹ እኩል ሲሆኑ የባንጂው ጫፍ ሳይገፋ ሳይጎተት በብሎኑ ቀዳዳ መግባት አለበት። ተገፍቶ ከገባ ሞላው ሁልጊዜ በአንድ ወገን ይጫናል፤ መሬት ላይ ጎማው ያደላል፣ አየር ላይ ደግሞ ኳሷ (አውሮፕላኑ ወደ ጎን ሲንሸራተት የምታሳየው መለኪያ) ከመሀል ትወጣለች። አየር ላይ ኳሷ የወጣችበትን አውሮፕላን በባንጂ ለማስተካከል መሞከር ግን ስሕተት ነው። ለዚያ የሩደሩ ኬብልና ሩደሩ ላይ ያለችው መሬት ላይ የምትታጠፍ ትሪም ታብ (ትንሽ ማስተካከያ ቆርቆሮ) አሉ። የ172ኤስ ሩደር ከመሀል ወደ እያንዳንዱ ጎን 16 ዲግሪ ከ10 ደቂቃ (ደቂቃ የዲግሪ 60ኛ ነው) መሄድ አለበት፤ የሚፈቀደው ልዩነት 1 ዲግሪ ነው። ይህ ከአውሮፕላኑ አግድም መስመር ጋር ትይዩ ሆኖ ሲለካ ነው፤ ከማጠፊያው ጋር ቀጥ ብሎ ከተለካ 17 ዲግሪ ከ44 ደቂቃ ይሆናል። ሁለቱን አለካኮች የሚያምታታ ሰው ጤነኛውን ሩደር ያበላሻል።

ወደ መርገፍገፉ ስመጣ፣ ሁሉም ሰው መጀመሪያ ጣቱን የሚቀስረው ሺሚ ዳምፐር በሚባለው የፊት ጎማ ማፈኛ ላይ ነው። ዳምፐሩ የመርገፍገፉ ምንጭ አይደለም፤ መርገፍገፉን የሚያፍን ነው እንጂ። ምንጩ ሌላ ቦታ ሆኖ ዳምፐሩን ብቻ ብትለውጪ ለጥቂት ጊዜ ጸጥ ይላል፣ ከዚያ አዲሱንም ይጨርሰዋል። የፊቱን አንስቶ ማየት ነው። የጅራቱን ግንድ ከአግዳሚ ጅራቱ ፊት ለፊት፣ ውስጡ ደጋፊ ፍሬም ባለበት ቦታ ላይ በዝግታ ይጫኑታል። በኤሌቬተሩም (የአግዳሚ ጅራቱ ተንቀሳቃሽ ክፍል) ሆነ በአግዳሚ ጅራቱ ላይ መጫን የተከለከለ ነው። ጎማው ሲነሳ አንድ ሰው ሹካውን ይዞ ወደፊትና ወደኋላ፣ ከዚያ ግራና ቀኝ ይነቅንቀው፤ ሌላው የት እንደሚላላ በዓይኑም በጣቱም ይከተል።

የምታዪው በዚህ ቅደም ተከተል ነው። ጎማው ሚዛኑን ጠብቋል? በፍሬን የተፋቀ ጠፍጣፋ ቦታ አለው? የመንኮራኩሩ ኩሽኔታ ላልቷል? ከዚያ ቶርክ ሊንኩ፦ የላይኛውና የታችኛው መቀስ የሚገናኙበት ብሎን፣ ቡሾቹና ሮንዴላዎቹ። በማሠልጠኛ አውሮፕላን ላይ ቶሎ የሚያልቁት እነዚህ ናቸው፤ በየማረፉ ይመታሉና። ቀጥሎ የመሪው አንገትጌ በስትራቱ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች ይላወስ እንደሆነ፤ የሚስተካከለው በቀጭን ሮንዴላ ነው። ዳምፐሩ መጨረሻ ላይ ይመጣል። የዘይት ዓይነቱ ከሆነ በሚል-ኤች-5606 ቀይ ዘይት አየር ሳይቀርበት እስከ አፉ መሞላት አለበት። ግማሽ አየር ያለበት ዳምፐር በመጀመሪያዎቹ ሚሊሜትሮች ምንም አይዝም፤ መርገፍገፍ የሚጀምረውም እዚያው ውስጥ ነው። ሎርድ የተባለው ኩባንያ የሚሠራው ባለ ላስቲክ ዳምፐር ከተገጠመ ዘይት የለውም፤ ቀዳዳ ፍለጋ አትድከሙ።

ስትራቱም በመሪው ላይ ይፈርዳል፤ ይህን ብዙ ተማሪ አያውቀውም። በ172ኤስ ስትራቱ ያለ ጭነት ተዘርግቶ 45 ፒኤስአይ ይያዝ። በ152 ላይ 20 ነው። ከልክ በላይ ከተሞላ፣ ወይም ከኋላ ወንበር ሁለት ከባድ ሰዎች ተቀምጠው ዕቃም ከተጨመረ፣ አውሮፕላኑ መሬት ላይ ቆሞ ሳለ ስትራቱ እስከ ጫፍ ሊዘረጋ ይችላል። ያኔ ማእከል ያዡ መሬት ላይ ሳለሽ ይቆልፍና ፔዳሉ ጎማውን አያዞርም። የሚታየው አንጸባራቂ ዘንግ በቆመ አውሮፕላን ላይ ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 10 ሴንቲሜትር ነው። ባዶ ከሆነ ደግሞ ምቱ ሁሉ ወደ ፋየርዎሉ (ሞተሩን ከካቢኑ የሚለየው ግድግዳ) ይሄዳል፣ ፕሮፔለሩም ለመሬት ይቀርባል። ዘንጉ ላይ የሚቀመጠው አቧራ ማኅተሙን እንዳይበላ በዚያው ቀይ ዘይት በረጠበ ጨርቅ ይወልወል።

ከበረራ በፊት ስትመረምሪ እነዚህን አትለፊ፦ የፋየርዎሉ ታችኛ ክፍል ላይ የተጨማደደ ቆርቆሮ ወይም ዙሪያው የጠቆረ ሪቬት አለ? በአፍንጫው የመታ አውሮፕላን ምስክሩ እዚያ ነው። ቶው ባር (አውሮፕላኑ የሚጎተትበት ዘንግ) ሲገባ የሩደር መቆለፊያው ወጥቷል? ተቆልፎ ከተጎተተ ባንጂውና የሩደሩ ገመድ ይጎዳሉ። ከ30 ዲግሪ በላይ የተጎተተ አውሮፕላን የመሪው ማቆሚያ ሊሰበር ስለሚችል ሳይታይ አይብረር። የሩደሩ ቀንድ የሚያርፍባቸውን የማቆሚያ ብሎኖችም ተመልከቺ። በ150 እና በ152 ሩደሩ ማቆሚያውን አልፎ እዚያው ሊቀረቀር እንደሚችል ስለታወቀ፣ የአሜሪካው የአቪዬሽን ባለሥልጣን ኤፍኤኤ በመመሪያ 2009-10-09 ወይ የተሻሻለው ማቆሚያ እንዲገጠም፣ ወይ ስፒን (እየተሽከረከሩ መውደቅ) የሚከለክል ጽሑፍ እንዲለጠፍ አዟል። በ152 ስፒን የምትሠለጥኑ ካላችሁ የትኛው እንደተፈጸመ ከመዝገቡ ጠይቁ።

በሩጫ ላይ ሲርገፈገፍ የምታደርጊው አጭር ነው፦ ዮኩን ወደ ራስሽ፣ ስሮትሉን ዝግ፣ ፍሬኑን ለስላሳ። በፍሬን ብትደነግጪ ክብደቱን ወደፊት ጥለሽ መርገፍገፉን ታብሺዋለሽ። ስትነሺ ከሆነና ዮኩን ብታቀልዪም ካልተወ በረራው ይቁም። በቴክኒክ መዝገቡ ላይ «ፊቱ ይርገፈገፋል» ብለሽ ብቻ አትጻፊ። በስንት ኖት እንደጀመረ፣ በማረፍ ወይስ በመነሳት፣ ፍሬን ተይዞ ወይስ ሳይያዝ፣ ፔዳሉ ላይ ይሰማ እንደሆነ ጻፊ። ሥራችንን በግማሽ ታቀልዪልናለሽ።

ተማሪ አብራሪ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የስትራቱ ነገር ጭራሽ አልተነገረኝም ነበር። ጋሼ፣ በመዝገቡ ላይ እንዳሉት እጽፋለሁ። የዳይመንዱ ጥያቄ ቀርቷል፤ አንድም ልጨምር፦ እንደ ቦሌ ባለ ከፍታ ላይ በሩደርና በፊት ጎማ በኩል የሚለወጥ ነገር አለ?

ዋርየር ቴክሳስ

ስለ ዳይመንዱ ከመናገሬ በፊት ስለ ፓይፐር አንድ ቃል፤ ከሴስና ወደ ፓይፐር ፒኤ-28 (ዋርየር የዚህ ዓይነት ነው) የሚሄዱም ስላሉ። በፓይፐር ዋርየር ፔዳሉ ከፊት ጎማው ጋር በዘንግ የተያያዘ ነው፤ አየር ላይም መሀል ላይ የሚቆልፍ ነገር የለውም። ሩደር እንደረገጥሽ ካረፍሽ ጎማው አስቀድሞ ዞሮ ነው መሬት የሚነካው፤ ስለዚህ አፍንጫው ከመንካቱ በፊት ፔዳሉ ወደ መሀል ይቅረብ። በሴስና ለቅጽበት ያህል የምታገኚው እፎይታ እዚህ የለም። ቆመሽ ፔዳሉን በጉልበት መርገጥም ዘንጎቹን ያስጨንቃል፤ የሩደሩን ነጻነት መንከባለል ስትጀምሪ ፈትሺው። ጅራቱ ጋ ቆሞ ሩደሩን በእጅ ማወዛወዝም በፓይፐር አይመከርም፣ ከፊት ጎማው ጋር ነው የምትታገይው።

ዲኤ40 ሌላ ዓለም ነው። የፊት ጎማው እንደ ገበያ ጋሪ ጎማ በነጻ ይዞራል፤ አቅጣጫ የሚሰጡት ፍሬንና ሩደር ብቻ ናቸው። ሲርስ፣ የግሩማን ኤኤ-5፣ ዲኤ20 የሚባሉት አውሮፕላኖች ሁሉም እንዲሁ ናቸው። የሚከብደው መነሻው ነው፦ ጎማው ተጠምዝዞ ከቆመ፣ ስሮትል ስትከፍቺ አውሮፕላኑ ወደ ተጠመዘዘበት ይሄዳል። ስለዚህ ስታቆሚ የመጨረሻውን አንድ ሁለት ሜትር ቀጥ ብለሽ ተንከባለዪና ቁሚ። ለመነሳት ማኮብኮቢያው ላይ ስትሰለፊም እንዲሁ፤ ጎማው ቀጥ ሳይል ሙሉ ስሮትል አይሰጥም።

ታክሲ ላይ ፍሬኑን ነካ እያደረግሽ ልቀቂ፤ አትያዢው። ነካ፣ ልቀቂ፣ ጠብቂ። ጎማው ሲዞር አውሮፕላኑ ትንሽ ዘግይቶ ይከተላል፤ ሳትጠብቂ ከደገምሽ ያልፍሽና በሌላው እግር ትመልሺዋለሽ፣ እባብ ትሆኛለሽ። መታጠፉን የምታቆሚው ከመድረስሽ በፊት በተቃራኒው ፍሬን ነካ አድርገሽ ነው። በጎን ነፋስ ረጅም ታክሲ ካለ ነፋሱ አፍንጫውን ወደ ራሱ ስለሚጎትት ነፋሱ የማይመጣበትን ፍሬን ደጋግመሽ ትጠቀሚያለሽ፤ ያ ዲስክ ይግላል። ቀስ በዪ፣ ኤይለሮኑን በነፋሱ ልክ ያዢ፣ ካስፈለገ ቆም ብለሽ ይቀዝቅዝ። ስትነሺ በመጀመሪያዎቹ ሜትሮች ፍሬን ነካ ነካ ይበቃል፤ የፕሮፔለሩ ንፋስ ሩደሩ ላይ ሲደርስ ተረከዝሽ ወለል ላይ ይውረድና ከፍሬን ውጪ ሁኚ። በፍሬን አቅጣጫ እያስተካከሉ መነሳት ሩጫውን ያረዝመዋል።

እንዲህ ባለ ነጻ ሹካ ላይ መርገፍገፍን የሚያፍነው የመዞሪያው ዘንግ ላይ ያለው ፍትጊያ ነው። ቴክኒሻኑ በሚዛን ጎትቶ ይለካዋል። ከላላ ይርገፈገፋል፤ ከጠበቀ ደግሞ ታክሲ ላይ ፍሬኑን ያስጨንቃል።

የቀኝ ወንበር

የከፍታውን ልመልስ። ቦሌ 7,625 ጫማ ላይ ነው። በዚያ ከፍታ መደበኛው ሙቀት 0 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ስለሆነ፣ 20 ዲግሪ በሆነ ቀን አውሮፕላኑ 10,000 ጫማ ላይ እንዳለ ያህል ነው የሚሰማው። በዚያ አየር እውነተኛው ፍጥነት ከመለኪያው በ16 በመቶ ይበልጣል። መለኪያሽ 65 ሲል ነፋስ ከሌለ መሬቱ በ75 ኖት ነው የሚያልፈው።

ሩደሩ የሚያውቀው መለኪያው ላይ ያለውን ፍጥነት ነው፤ ስለዚህ በ55 ኖት አፍንጫውን ስታነሺ ሩደሩ ባሕር ጠረፍ ላይ እንደሚይዘው ይይዛል። ጎማው፣ ፍሬኑና ዳምፐሩ ግን የሚያውቁት የመሬቱን ፍጥነት ነው። በ75 ኖት የሚቆም አውሮፕላን በ65 ከሚቆመው በ33 በመቶ ገደማ የሚበልጥ ጉልበት ፍሬኑ ላይ ይጥላል። ባሕር ጠረፍ ላይ የማይርገፈገፍ የላላ ቶርክ ሊንክ እዚህ ሊርገፈገፍ ይችላል። ዓይንሽም ያታልልሻል፦ መሬቱ ፈጥኖ ሲያልፍ የፈጠንሽ መስሎሽ ፍጥነቱን ትቀንሻለሽ። መለኪያውን እመኚ።

በሞተሩ በኩል፣ ቱርቦ (አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው የ172ኤስ ላይኮሚንግ ሞተር ባሕር ጠረፍ ላይ 180 የፈረስ ጉልበት የሚሰጠው፣ በዚህ አየር 70 በመቶ ያህሉን ነው የሚያወጣው። ስለዚህ ስትነሺ ወደ ግራ የሚጎትተው ኃይልም ይቀንሳል፤ ከቆላ የመጣ አብራሪ በለመደው ልክ ቀኙን ከረገጠ ወደ ቀኝ ይወጣል። ዲኤ40 ኤንጂ ደግሞ ቱርቦ ያለው የ168 የፈረስ ጉልበት ኦስትሮ ናፍጣ ሞተር ነው፤ በከፍታ ኃይሉን እንደ ላይኮሚንጉ አይጥልም። ስትሻገሪ ቀኝ እግርሽን ከ172 ላይ ከለመድሽው በላይ ልትፈልጊው ትችያለሽ፤ ስሮትሉን በሦስት አራት ሰከንድ ቀስ ብለሽ ክፈቺ፣ እግርሽም እኩል ይከተለው።

ካረፍሽ በኋላ የመጀመሪያውን መውጫ ለመያዝ ብለሽ ፍሬን አትርገጪ። ቦሌ ያለው ማኮብኮቢያ ለ172 ከበቂ በላይ ነው። ዮኩን ወደ ራስሽ ይዘሽ በአየሩ ፍጥነቱ ይውረድ፤ ፍሬኑን ከ40 ኖት በታች ጀምሪ፣ ማማው ቶሎ ውጪ ካለሽም «አልችልም» ብሎ ቀጣዩን መውጫ መጠየቅ ይፈቀዳል።